«ምን ልሁን?» እያልኩ የዞርኩባቸው 14 ወራት

በ2010 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ተመረቅኩ። በኬሚስትሪ። ደብረ ብርሃን እኛ ቤት ድግሱ አልቆ፣ ድንኳኑ ገና ሳይነቀል፣ ጎረቤታችን እጇን እየታጠበች «በይ እንግዲህ፣ ሳሙናውን አንቺ ትሠሪልናለሻ!» አለችኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ማታ ተኝቼ ሳስበው ግን ሴትዮዋ ከእኔ የተሻለ ዕቅድ ነበራት። እኔ ሳሙናም አላሰብኩ።

ይህን የምጽፈው ቴምፖውን (ጊዜያዊ ዲግሪውን) ሻንጣ ውስጥ ከትቶ፣ አልጋ ላይ ተጋድሞ የጣሪያ ቆርቆሮ የሚቆጥር ሰው ካለ ብዬ ነው። ዘመድ በደወለ ቁጥር «እየሞከርኩ ነው» የሚል። የሆነብኝን እነግራችኋለሁ፣ የሚጠቅማችሁን ውሰዱ፣ የቀረውን ተዉት።

መጀመሪያ ግን አንድ ነገር። እኛ መምረጥ አልለመድንም። ስድብ አይደለም፣ እንዲያው እውነቱ ነው። እኔ 11ኛ ክፍል ናቹራል የገባሁት «ጎበዝ ተማሪ ሶሻል አይገባም» ስለተባለ ነው። ዩኒቨርሲቲውን የመደበኝ ትምህርት ሚኒስቴር ነው። ጊዜው የ70/30 ነበር፤ መቶ ተማሪ ከገባ 70ው ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30ው ሶሻል። እኔ ጤና ሞላሁ፣ ናቹራል ሳይንስ ደረሰኝ። ግቢ ገብቼ ዲፓርትመንት ስሞላ ደግሞ ባዮቴክኖሎጂ አልኩ፣ ነጥቤ አልደረሰም፣ ኬሚስትሪ ሆነ። ዶርም እንኳ የተደለደልነው በስም ፊደል ተራ ነው። እስከ ዛሬ የቅርብ ጓደኞቼ የሁሉም ስም ከእኔ ስም ጋር በአንድ ፊደል ይጀምራል። ጓደኞቼ ሳይቀሩ በድልድል የመጡ ናቸው። (ጥሩ ድልድል ነበር፣ አልዋሽም።)

እንዲህ ሃያ ምናምን ዓመት ተመድበሽ ትኖሪያለሽ። ከዚያ አንድ ቀን ሰኔ ላይ ጋዋን ያለብሱሽና «በይ አሁን የወደድሽውን ሁኚ» ይሉሻል። ግራ ቢገባኝ ምን ይገርማል?

መስከረም ላይ አዲስ አበባ አክስቴ ጋ ገባሁ፣ ጀሞ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ። ጠዋት ጠዋት አራት ኪሎ እወርዳለሁ። ለማያውቅ ሰው፣ ያኔ አራት ኪሎ ጋዜጣ ይከራይ ነበር። በጥቂት ብር ትከራዩና እዚያው ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላችሁ የሥራ ማስታወቂያውን ገልብጣችሁ ትመልሱ ነበር። ሪፖርተር የሚወጣው ረቡዕና እሑድ ስለሆነ በነዚያ ቀናት መቀመጫ ማግኘት ራሱ ውድድር ነበር። አጠገቤ የሚቀመጡት የሲቪል፣ የአግሪካልቸር፣ የሶሲዮሎጂ ተመራቂዎች ሁሉም ጣታቸው አንድ መስመር ላይ ነው የሚቆመው፤ «ዜሮ ዓመት የሥራ ልምድ» የሚለው ላይ።

ኬሚስትሪ የሚል ካየሁ አስገባለሁ። «በማንኛውም የትምህርት መስክ» የሚል ካየሁም አስገባለሁ። ሲቪዬ አንድ ነው፤ ለቀለም ፋብሪካም፣ ለሽያጭም፣ ለሆቴል እንግዳ ተቀባይም ያው እሱ። በአራት ወር 63 ቦታ አመለከትኩ። ቁጥሩን የማውቀው የፎቶ ኮፒ ወጪዬን እጽፍ ስለነበር ነው። ለጽሑፍ ፈተና አምስት ቦታ ተጠራሁ፣ ለቃለ መጠይቅ ሁለት።

አንደኛው የሽያጭ ሥራ ነበር። «ለምን እዚህ መሥራት ፈለግሽ?» አሉኝ። «ሥራ ስለፈለግኩ» አልኩ። ሰውዬው ሳቀ፣ ክፉ ሳቅ አልነበረም፣ ግን አልጠራኝም።

ሁለተኛው ያመኛል እስከ ዛሬ። የጥራት ቁጥጥር ቦታ ነው፣ የራሴ ትምህርት። አንዲት ረጋ ያለች ሴት «ቲትሬሽን ስትሠሪ ብላንክ ለምን ትሠሪያለሽ?» አለችኝ። (ቲትሬሽን ማለት ሌላ ኬሚካል በጠብታ እየጨመሩ ናሙናው ውስጥ ያለውን ነገር መጠን መለካት ነው።) ቃሉን አውቀዋለሁ። ስንት ሪፖርት ላይ ጽፌዋለሁ። ለምን እንደሚሠራ ግን አፌ ላይ አልመጣም። ነገሩ ቀላል ነው፤ ናሙናው የሌለበትን፣ ኬሚካሎቹን ብቻ፣ ልክ እንደ ዋናው አድርጋችሁ ትሠሩና የወጣውን ከዋናው ላይ ትቀንሱታላችሁ፣ ኬሚካሉ ራሱ ያመጣውን ቁጥር ናሙናው ላይ እንዳታላክኩበት። ይኸው ነው። ይህን አጥቼ ወጣሁ። ለምን አጣሁት? ግቢ ላብ ስንገባ ለስምንት ሰው አንድ ቢዩሬት፣ ማለትም ጠብታውን እየለካ የሚያወርደው የመስታወት ቱቦ፣ ነበር። እጅ ጽሑፌ ያምራል ተብሎ እኔ ሪፖርት ጸሐፊ ሆንኩ። ሦስት ዓመት ሙሉ ቢዩሬት የነካሁት ለማጠብ ነው። ግቢ ያላችሁ ልጆች፣ ተጋፉና ያዙት፣ በኋላ ማንም አይሰጣችሁም።

ከዚያ ቀን በኋላ ለጥቂት ሳምንታት አራት ኪሎም መሄድ ተውኩ።

ቤተሰብ ደግሞ ዝም አይልም። እናቴ «ፒጂዲቲ ተማሪና መምህር ሁኚ፣ ክረምት ክረምት ታርፊያለሽ» ትለኛለች፤ ከዲግሪ በኋላ የሚወሰደውን የመምህርነት ዲፕሎማ ማለቷ ነው። አጎቴ «ባንክ ግቢ፣ የቤት ብድር አለ» ይላል። አክስቴ «ልጄ፣ ማስተርስሽን ያዢ፣ የተማረ የትም አይወድቅም» ትላለች። ሦስቱም ስለሚወዱኝ ነው። ቆይቶ ነው አንድ ነገር የገባኝ፣ እያንዳንዳቸው የሚመክሩኝ ለራሳቸው የጎደላቸውን ነው። እናቴ ዕረፍት የሚባል አታውቅም። አጎቴ ሃያ ዓመት የቤት ኪራይ ከፍሏል። አክስቴ ከ10ኛ ክፍል አቋርጣ ነው የተዳረችው። ይህ ከገባኝ በኋላ ምክራቸውን ስሰማ መናደድ ተውኩ። ስለ እነሱ የሚነግረኝ ነገር እንጂ ስለ ሥራው የሚነግረኝ እንደሌለም አወቅኩ።

ከሦስቱ በጣም የቀረብኩት የአክስቴን ነበር። ማስተርስ። አሁን በሐቅ ልናገር፣ ማስተርስ ያማረኝ ኬሚስትሪ ናፍቆኝ አይደለም። «ምን እየሠራሽ ነው?» ሲሉኝ «ማስተርስ እየተማርኩ» ለማለት ነው። ሁለት ዓመት መደበቂያ። ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ለማስላክ ስሄድ መጀመሪያ የወጪ መጋራቱን ክፈዪ ተባልኩ፣ ብሩ ከየት ይምጣ፣ ታክሲ ውስጥ አለቀስኩ። ያ ብር ኪሴ ውስጥ ቢኖር ኖሮ ዛሬ ሁለት የማልፈልጋቸው ዲግሪዎች ይኖሩኝ ነበር። ማስተርስ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም፤ ምን ለማወቅ እንደምትገቡ ካወቃችሁ ግቡ።

ነገሩ የተቀየረው ደረጃ ላይ ነው። የኮንዶሚኒየሙ ደረጃ ላይ ማለቴ ነው።

ጥር ላይ ውሃ ጠፋ። ከታች ከታንከር በጀሪካን እየቀዳን አራተኛ ፎቅ እንወጣለን። ሦስተኛ ፎቅ የምትኖር የአንድ አስመጪ ድርጅት አካውንታንት አለች፣ አብረን ወጥተን እሷ በር ላይ ጀሪካናችንን አስቀምጠን ትንፋሽ ሰበሰብን። መብራትም የለም። ዝም ከማለት ብዬ «ሥራሽ ጥሩ ነው?» አልኳት። «እግዚአብሔር ይመስገን» አለች። በቃ። ይህን ጥያቄ ለስንት ሰው አቅርቤ ይህንኑ መልስ አግኝቻለሁ። ማን ሥራውን ለማያውቀው ልጅ በጨለማ ያማል?

ከዚያ ምን አስቤ እንደሆነ አላውቅም፣ «እሺ ትናንት፣ ከጠዋት ጀምሮ፣ ምን ስትሠሪ ዋልሽ?» አልኳት።

አርባ ደቂቃ አወራች። ጠዋት ገብታ የዊዝሆልዲንግ (ከክፍያ ላይ ቀድሞ የሚቀነስ ግብር) ደረሰኝ ያላመጣ ደንበኛ ጋ ስትደውል፣ ደንበኛው ነገ እያለ፣ ሾፌሩ ነዳጅ የቀዳበትን ደረሰኝ ጥሎት፣ ከሰዓት በኋላ ገቢዎች ሰልፍ፣ ሲስተም የለም ተብላ መመለስ። «እኔ ሒሳብ የተማርኩ መስሎኝ ነበር፣» አለች እየሳቀች፣ «ደረሰኝ ያልሰጠ ሰው እየለመንኩ ነው የምውለው።» ከዚያ ትንሽ ዝም ብላ «ግን ታውቂያለሽ፣ ሰው መለመን አይሰለቸኝም። ባለቤቴ እንዲህ ቢያደርግ አንድ ሳምንት አይቆይም» አለችኝ።

ያቺ የመጨረሻዋ ነገር ጭንቅላቴ ውስጥ ቀረች።

በነጋታው ደብተር ገዛሁ። በሁለት ወር ውስጥ 11 ሰው አነጋገርኩ። የዶርም ጓደኞቼ ታላላቆች፣ የአክስቴ የዕቁብ ጓደኛ ልጅ፣ ቤተ ክርስቲያን የማውቃቸው፣ አንድ ታክሲ ውስጥ ያገኘሁት ትራንዚተር (የሰው ዕቃ ከጉምሩክ የሚያስወጣ) ሳይቀር። ስደውል መጀመሪያ የምለው «ሥራ እንድታስገባኝ አይደለም፣ ስለ ሥራህ ልጠይቅህ ነው» ነው። ይህቺን ዓረፍተ ነገር አትዝለሏት። ሰው ሥራ የሌለው ዘመድ ሲደውልለት ሆዱ ይፈራል፣ «ሲቪሽን ላኪልኝ» ብሎ ይገላገላችኋል። አይደለም ስትሉት ይለቀቃል። ማኪያቶ እኔ ልጋብዝ ብዬ ነበር የምቀጥረው፤ ከ11ዱ ዘጠኙ ግን «አንቺ ሥራ ስትይዢ» ብለው ሒሳቡን ራሳቸው ከፈሉ። ከ63ቱ ፎቶ ኮፒ ጋር ሲተያይ በነጻ ነው የተማርኩት።

የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው፤ ትናንት ምን ዋልክ? ከዚያ ውስጥ የሚያስጠላህ የቱ ነው? የሚያስጠላህን በቀን ስንት ሰዓት ትሠራዋለህ? ደሞዝ አልጠይቅም፤ ካወሩ በኋላ ራሳቸው ይነግሩኛል።

ደብተሩ አሁንም አለኝ፣ የተወሰነውን ልገልብጥላችሁ። የኬሚስትሪ መምህር፦ አምስት ሴክሽን፣ በየሴክሽኑ 60 ልጅ፣ 300 ወረቀት ማረም፣ ማስተማሩን ይወዳል፣ ማረሙን «ቅጣት ነው» ይላል። ባንክ ያለችው ጓደኛዬ፦ ቀኑን ሙሉ ብር መቁጠር፣ ማታ ሒሳብ ሳይገጥም ሲቀር ሾርት የወጣው ከራሷ ኪስ፣ በዚያ ወር 2,000 ብር ከፍላለች። ሳይት ላይ ያለው የሲቪል ልጅ፦ ሲሚንቶ እስኪመጣ መጠበቅ፣ ሲሚንቶ ሲመጣ ሠራተኛ መጠበቅ። ኤንጂኦ ያለው፦ የመስክ ሥራ በወር አራት ቀን፣ የቀረው ሪፖርት። ትራንዚተሩ፦ ሰልፍና ስልክ፣ ሰልፍና ስልክ፣ ግን ቢሮ መቀመጥ ያሳብደኛል ይላል።

ደብተሩን መልሼ ሳነበው አንድ ነገር ወጣልኝ። የሥራው ስም ሌላ፣ የሚዋልበት ሌላ። የቀኑን አብዛኛውን ሰዓት የሚበላው ያ ማንም ማስታወቂያ ላይ የማይጽፈው አሰልቺ ነገር ነው፤ ማረም፣ መቁጠር፣ መጠበቅ፣ መለመን፣ ሪፖርት። ሥራው ላይ ቆይተው ደህና የሆኑት ሰዎች ደግሞ ያ አሰልቺ ነገር እነሱን የማይሰለቻቸው ናቸው። እኔ እስከዚያ ድረስ «ምን እወዳለሁ?» እያልኩ ነበር የምጨነቀው፣ መልስ የለኝም፣ ምክንያቱም ምንም ሠርቼ አላውቅም። «የቱን አሰልቺ ነገር ሳልማረር መሥራት እችላለሁ?» ብል ግን ቢያንስ መፈተሽ ይቻላል።

ፈተናው የካቲት ላይ መጣ። አንዷ የዶርም ልጅ ደወለች፤ ዳታ ኮሌክሽን አለ፣ ጎጃም፣ ሦስት ሳምንት፣ አበል በቀን 400 ብር። ታብሌት ይዘን ቤት ለቤት እየዞርን ገበሬ ልንጠይቅ። ሄድኩ። ብሩ ነው የወሰደኝ፣ ሌላ አላስመስልም።

አምስተኛው ቀን አካባቢ ይመስለኛል አንድ አባት ጋ ተቀምጠናል፣ በረንዳቸው ላይ፣ ጠላ ቀርቧል። «ስንት መሬት አለዎት?» አልኳቸው። «ስድስት ቃዳ» አሉ። ታብሌቱ የሚፈልገው ሄክታር ነው። አራት ቃዳ አንድ ሄክታር ብለውን ስለነበር 1.5 ብዬ ሞላሁ። ቀጥሎ ምን ምን ዘሩ ይላል። ጤፍ አራት ቃዳ፣ በቆሎ ሦስት። ደመርኩት። ሰባት። አብሮኝ የነበረው ልጅ «በቆሎውን ሁለት አድርጊውና እንሂድ፣ ገና ሦስት ቤት ይቀረናል» አለኝ በሹክሹክታ። እውነቱን ነው፣ ፀሐዩም አናት ይበሳል። እኔ ግን እግሬ አልነሳ አለ። «አባባ፣ ይቅርታ፣ መሬትዎ ስድስት ነው ያሉኝ፣ የዘሩት ግን ሰባት ሆነብኝ» አልኳቸው። እያዩኝ ትንሽ ቆዩና ሳቁ። «ያቺ አንዷ የእህቴ ናት። እኩል ነው የማርሳት» አሉ።

እንዴት ደስ እንዳለኝ! ለሌላ ሰው ሞኝነት ነው። ስድስትና ሰባት። ግን ቁጥሩ ስህተት አልነበረም፣ ከኋላው አንዲት እህት ነበረች።

ከዚያ በኋላ ማታ ማታ ሌላው ልጅ ደክሞት ሲተኛ እኔ ከሱፐርቫይዘሩ ጋር ቁጭ ብዬ የሌሎቹን ታብሌት ማመሳከር ጀመርኩ። ማንም አላዘዘኝም። ሰባት ልጆች ብላ ስምንት ስም የጠራች እናት፣ በሬ የለኝም ብሎ በራሱ በሬ ያረሰ ሰው፣ እንዲህ እንዲህ ያሉትን እለቅማለሁ። ሱፐርቫይዘሩ አንድ ማታ «አንቺ ስህተት ስታገኚ ፊትሽ ይበራል» አለኝ። መኪና ውስጥ ሁሉም ሳቁብኝ። ደብተሬ ላይ ጻፍኩት።

ያልወደድኩትንም ጻፍኩ። ቁንጫ። ውሻ። በየሁለት ቀኑ ሌላ አልጋ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ሦስቱ ሳምንት ሲያልቅ ቀጣዩ መቼ እንደሚመጣ አለመታወቁ። በዳታ ኮሌክሽን ብቻ የሚኖሩ አሉ፣ አደንቃቸዋለሁ፣ እኔ ግን ሁለት ወር ስልክ እየጠበቁ መቀመጥን አልችለውም። ይህም መልስ ነው።

ስመለስ ማመልከቻ በብዛት መበተን ተውኩ። ከደብተሬ ውስጥ ማመሳከር የበዛበትን ሥራ ፈለግኩ፣ ኦዲት አለ፣ የዳታ ሥራ አለ፣ የጥራት ቁጥጥር አለ። ሦስተኛው ላይ ወረቀቴ አለኝ። የጎደለኝ እጄ ነው። አንድ ኮሌጅ ውስጥ የላብ ረዳት የሆነ የክፍላችን ልጅ ነበር፤ ለመንኩት፣ ሁለት ቅዳሜ አስገባኝ።

የውሃ ጥንካሬ ነው የሠራነው፣ ማለትም ውሃው ውስጥ ያለውን የካልሲየምና የማግኒዥየም መጠን። 50 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ ፒኤቹን (የአሲድነቱን ልክ) 10 ላይ የሚያቆም ባፈር፣ ቀለም የሚቀይር ትንሽ ኢንዲኬተር፣ ከላይ በቢዩሬት ኤዲቲኤ የሚባለው ኬሚካል። ውሃው ወይን ጠጅ ይሆናል። ግራ እጅ ቧንቧውን፣ ቀኝ እጅ ብልቃጡን እያሽከረከረ። መጨረሻው ሲቀርብ ጠብታ በጠብታ ነው፣ ትንሽ ካመለጣችሁ አልፋችሁታል፣ ወይን ጠጁ ጠፍቶ ጥርት ያለ ሰማያዊ ሲሆን ማቆም። የመጀመሪያውን አበላሸሁ። ሁለተኛውንም። ስድስተኛው፣ ሰባተኛውና ስምንተኛው ላይ ሦስቱም ቁጥሮች ጎን ለጎን ሆኑ። ብላንክም ሠራሁ፣ እልህ ይዞኝ።

ከዚያ አራት ቦታ ብቻ አመለከትኩ። አራት። ለእያንዳንዱ የተለየ ደብዳቤ። በደብዳቤው ላይ ስለ ሰባተኛዋ ቃዳ ጻፍኩ፣ በሦስት መስመር። አንድ የታሸገ ውሃ ፋብሪካ ጠራኝና ጠያቂው መጀመሪያ ያነሳው እሷን ነው፤ «ያቺ የእህታቸው መሬት ለማን ተመዘገበች ታዲያ?» አለኝ። ግንቦት 2011 ገባሁ። 3,800 ብር፣ በሦስት ሺፍት።

እዚያ ጋ ሥራው እንደነገሩኝ ነበር፣ ይህ ነው ትልቁ ጥቅሙ። ከመግባቴ በፊት አንዲት ኪውሲ (ጥራት ቁጥጥር) የምትሠራ ልጅ «አንድ እጁ ምርመራ፣ ሁለት እጁ ፎርም፣ የቀረው ከፕሮዳክሽን ጋር ጭቅጭቅ» ብላኝ ነበር። ሒሳቡ አይገጥምም ብዬ ስቄባታለሁ። ገብቼ ሳየው ትክክል ነች። በየሰዓቱ ከመስመሩ ናሙና ማንሳት፣ ፒኤች፣ ቲዲኤስ (ውሃው ውስጥ የሟሟው ነገር መጠን)፣ የኦዞን መጠን፣ ኢንኩቤተር (የባክቴሪያ ማሳደጊያ ሳጥን) ውስጥ ያደረውን ማየት፣ መጻፍ፣ መጻፍ፣ መጻፍ። አንድ ቀን መስመር ይቁም ስል የፕሮዳክሽኑ ኃላፊ «የምትመረምሪው ውሃውን ነው እኛን?» አለኝ። ሌላ ቀን ደግሞ ሺፍት ስረከብ ከሌሊቱ 9 ሰዓት የሚል ንባብ ተሞልቶ አገኘሁ፣ ሰዓቱ ገና 5 ነበር። የተሞላው ቁጥር ደግሞ ጥሩ ቁጥር ነው፣ በጣም ጥሩ። ልጁን ሳላሳጣው ፎርሙን መለስኩለትና እንደገና ሠራን። እንቅልፌ እየመጣ፣ እየበረደኝ፣ ግን ቅር አላለኝም። ሌላው ሰው ቅር የሚለው እዚህ ላይ ነው።

ነሐሴ ላይ የሙከራ ጊዜዬ አልቆ ደብዳቤ ሲሰጡኝ ለመጀመሪያ ጊዜ በራሴ ፈቃድ እሺ ያልኩት ነገር ሆነ። 14 ወር ያልኩት እስከዚህ ያለውን ነው።

ስለ ሙከራ ጊዜ አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ልጅ ስለማያውቀው። አሁን ያለው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን እንዳይበልጥ ይላል። ሁሉም ሰው ቀጣሪው እሱን የሚፈትንበት አድርጎ ነው የሚያየው። እናንተም በዚያ ጊዜ ያለ ማስጠንቀቂያ መልቀቅ ትችላላችሁ፤ ከዚያ በኋላ ግን ለመልቀቅ 30 ቀን ቀድሞ ማሳወቅ ያስፈልጋል። ስለዚህ 60ውን ቀን ሥራውን እናንተም ፈትኑት። (መንግሥት መሥሪያ ቤት በሌላ ሕግ ነው የሚሄደው። አንዳንድ ድርጅት ደግሞ ሥልጠና ሰጥቶ ግዴታ ያስፈርማል፣ ሳታነቡ እንዳትፈርሙ።)

ሌላው፣ ከኛ በኋላ የመጣችሁት ከ2015 ጀምሮ የመውጫ ፈተና አለባችሁ፣ 50 ካልመጣ ዲግሪው የለም። ጭንቀቱ ይገባኛል። ግን ከፈተናው በፊትም ቢሆን ሳምንት አንድ ሰው «ትናንት ምን ዋልክ» ማለት ጥናት አያስተጓጉልም።

እኔ ይህን ሁሉ መዞር የቻልኩት የአክስቴ እንጀራ ስለነበረ መሆኑንም መደበቅ የለብኝም። ኪራይ እኔ የምከፍል ብሆን፣ ታናናሾቼ እኔን የሚጠብቁ ቢሆኑ፣ ያገኘሁትን ሥራ በማግስቱ እገባ ነበር። እንዲህ ያላችሁ ካላችሁ፣ ግቡ። ደብተሩ ሥራ ላይ ሆኖም ይሞላል፤ እንዲያውም ሻይ ሰዓት ላይ ብዙ ሰው ይገኛል።

አሁን ያለሁት ሌላ ቦታ ነው፣ የምግብ ላብራቶሪ። ከቢዩሬት ይልቅ ሰነድ ላይ ነው የምውለው፣ የአይኤስኦ 17025 (የላብራቶሪዎች የብቃት መመዘኛ) የውስጥ ኦዲት፣ ማለትም የሌሎችን ቁጥር እየዞርኩ መጠርጠር። እናቴ ዛሬም የመምህራን ቅጥር ማስታወቂያ ስታይ ትደውልልኛለች።

የአክስቴ ልጅ ዘንድሮ ተመርቃለች። ባለፈው ደውላ «ላብራቶሪ ብገባ ይሻለኛል?» አለችኝ። አላውቅም አልኳት፣ ሐሙስ ነይና አብረሽኝ ዋዪ። አስፈቅጄ አስገባኋት። ዕለቱ ፕሮቲን የምንለካበት ቀን ነበር፤ እህሉ በሰልፈሪክ አሲድ ይፈላል፣ ከዚያ አልካሊ ሲጨመርበት አሞኒያው ይወጣል። ጋዋን ለብሳ፣ መነጽር አድርጋ፣ እስከ 9 ሰዓት ቆየች። ጎበዝ ናት፣ ጥያቄዋም ጥሩ ነበር። በር ላይ ስሸኛት አፍንጫዋን ይዛ «እትዬ፣ ይሄን ሽታ በየሳምንቱ?» አለችኝ።

በየሳምንቱ አልኳት።

ቦርሳዋን ከፍታ ደብተሯን አወጣችና እዚያው ቆማ አንድ መስመር ሰረዘች። ቅዳሜ ደግሞ ሦስተኛ ፎቅ ያለችው አካውንታንት ጋ ቀጠሮ አላት።